ተግባቢ ልጅና ኦቲዝም



ልጄን ለምርመራ ስወስዳት፣ ባለሙያው «ዓይን እያየች ታወራለች፣ ትስቃለች፤ ኦቲዝም የለባትም» ብሎ መለሰን። ሰላምታዋን መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ የማያት ግን እኔ ነኝ። ከሰርግ ስንመለስ ጆሮዋን ይዛ ትተኛለች፤ በማግስቱም ሰው ማየት አትችልም።

ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ፣ ካያቸው 11 ልጆች ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ። መለኪያውም ለብዙ ዘመን በወንዶች ልክ ተሰፋ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ ግን፣ ምልክቱ በልምምድ ሊሸፈን እንደሚችል ይናገራል።

ስለዚህ መርማሪዎች «ትግባባለች ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ለመግባባት ምን ያህል ትደክማለች?» ብለው ይጠይቁልን። እኛም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤት ያየነውን ጽፈን እንሂድ።