ተጫዋቹ አጎታችን
(በተዝካሩ ዕለት ለቤተ ዘመድ የተደረገ ንግግር)

ወገኖቻችን ሆይ!

አጎታችን ከተለየን እነሆ አርባ ቀን ሆነ። ዛሬ ሕይወቱን እናስታውስ።

አጎታችን ገበሬ ነበር። በደቦ ቀን ሁላችንም ከእሱ አጠገብ ማጨድ እንሻ ነበር። ለምን? ወገባችን ሲዝል አንድ ቀልድ ጣል ያደርጋል። ሳቁ ሳያልቅ ማሳው ያልቃል። ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኛውን ፈገግ የሚያሰኝ እሱ ነበር።

ቀልዱ ሰው አያቆስልም። የሚቀልደው በራሱ ነው። በሬው ሲለግምበት፣ «ምን ላድርግ፣ ጌታውን መሰለ!» ይል ነበር።

ይህን ሁሉ የምናውቀው እኛ ነን። እኛም እናልፋለን። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩት የአለቃ ገብረ ሃና ቀልድ በአፍ ሲነገር ቆይቶ በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ፣ ዛሬም ይሳቅበታል።

እኛም ፊደል ቆጥረናል። እንግዲህ እያንዳንዳችን ከአጎታችን የሰማነውን ጨዋታ በአንድ ደብተር እንጻፍ። የት እንደ ተናገረው እንጨምር። የረሳነውን ጎረቤት እንጠይቅ።

ትንሹ ልጁ ገና አራት ዓመቱ ነው። የአባቱን ድምፅ ሊረሳ ይችላል። አድጎ ሲያነብ ግን አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ ያውቃል። ደብተሩ በእናቱ እጅ ይቀመጥ።