ዐዋቂ ሰውና የጥርስ ሽቦ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጥቂት ቃል ለመናገር የተነሣንበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ጥርሱን ለማስተካከል ሽቦ፣ ማለት ብሬስ፣ የሚያሳስር ዐዋቂ ሰው ስለሚይዘው ፍርሃት ነው። እኛም በመጀመሪያ ስቀናል። የሳቅነው ግን ከመካከላችን አንዱን አጅበን ጉለሌ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እስከ ሄድንበት ቀን ድረስ ነው።

ይህ ወዳጃችን ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ፣ ቀን የሚያስተምር፣ ማታ የሚማር ሰው ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግሩ እየወረደ ሦስት ጊዜ ከክሊኒኩ ደጃፍ ደርሶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ምን እንዳስፈራው ስንጠይቀው ስለ ራሱ ሕመም አንድም ቃል አልተነፈሰም። የነገረን በልጅነቱ የታናሽ ወንድሙ ግግ ሲወጣ የሰማውን ጩኸት ነው። ቀጥሎም ተማሪዎቹ «ቲቸር በዚህ ዕድሜው ለማን ሊያምር ነው?» እንዳይሉት፣ ገንዘቡም መንገድ ላይ አልቆ ሽቦው አፉ ውስጥ እንደ ታሰረ እንዳይቀር መስጋቱን አወራን።

ለውበት ሲል ሕመምን መቻል ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደርና በጎጃም ብዙ እናቶች ድዳቸውን በመርፌ ተነቅሰዋል፤ ለማን ብለሽ ነው ብሎ የሳቀባቸው ግን የለም። ፍንጭትም ቢሆን በእኛ ዘንድ የውበት ምልክት ነውና ሐኪም ሳይጠይቅ ሊዘጋው አይገባም። አንዲት እኅታችን «ፍንጭቴን ይወስዱብኛል» ብላ መፍራቷ አስተዋይነት እንጂ ፍርሃት አይመስለንም።

ታዲያ ፍርሃቱ ከሕመሙ ካልሆነ ከየት ይመጣል? ኖርማን ኮራ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 የጥርስ ሕክምና ፍርሃትን የሚለካ መጠይቅ አወጣ። ጥያቄዎቹ አራት ብቻ ናቸው። ነገ ቀጠሮ ቢኖርዎ፤ በመጠበቂያው ክፍል ተቀምጠው ሳለ፤ ወንበሩ ላይ ሆነው ሐኪሙ መሰርሰሪያውን ሲያዘጋጅ፤ ጥርስ ለማጽዳት መሣሪያዎቹን ሲያወጣ፤ ምን ይሰማዎታል? ውጤቱ ከ4 እስከ 20 ይደርሳል። አራቱንም ብትመረምሩ የሚጠይቁት ስለ መጠበቅ ነው፤ ሥራው ራሱ ገና አልተጀመረም። እንግዲህ ጥርስ የሚያስነቅል ሰው አንድ ቀን ፈርቶ ይገላገላል። ብሬስ ያሰረ ሰው ግን በየወሩ ወይም በየስድስት ሳምንቱ፣ ብዙ ጊዜም ለሁለት ዓመት ያህል፣ ይመላለሳል፤ መጠበቁም አብሮት ይመላለሳል።

ወንበሩ ላይ የሚሆነው ግን ይህን ያህል አይደለም። ብሬስ ሲታሰር እንደ ልማዱ መርፌም ጉጠትም የለም፤ ትንንሾቹ ብረቶች ጥርሱ ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋሉ፣ ሽቦውም በላያቸው ያልፋል። ሽቦው ጥርሱን በዝግታ ሲገፋው በፊት ለፊቱ ያለው አጥንት እየሟሟ ይለቅለታል፤ በተወው ወገን አዲስ አጥንት ይሠራል። በወር ቢሄድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሕመሙ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ በማግሥቱ ይበረታል፣ በሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ቆሎ ግን ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ አይበላም፤ ይህም ለተማሪ ቀላል ቅጣት አይደለም። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፤ ድዱ የታመመ ሰው ግን አስቀድሞ ድዱን መታከም አለበት። ብሬሱ ከወለቀም በኋላ ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ ማቆያ ይደረግለታል። ይህን በጊዜው ያልተነገረው ሰው ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም።

ለወዳጃችን ከዚህ ሁሉ አንዱንም የነገረው አልነበረም። ስለዚህ በአራተኛው ጊዜ አብረነው ገባንና ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፈን ለሐኪሟ ሰጠናቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ መለሱ፤ ክፍያውንም በየቀጠሮው እንዲከፍል ተስማሙ። ከዚያ «ሲያምዎ እጅዎን ያንሡ፤ ወዲያው አቆማለሁ» አሉት። አንድ ጊዜ አነሣ፤ አቆሙ። በኋላ እንደ ነገረን ያን ጊዜ ምንም አላመመውም፤ እውነታቸውን መሆኑን ለማየት ነበር።

ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ስቀዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ረስተውታል። በመካከላችን ነገ ሐኪም የምትሆኑ አላችሁና ሰውየውን አፍዎን ይክፈቱ ከማለታችሁ በፊት የሚፈራውን ጠይቁት። ጥያቄዎቹ የተጻፉበት ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ መቅዳት የሚፈልግ ሁሉ ሊወስደው ይችላል።