የራስ ቅል ምልክት ስላለባት የእሳት እራት



ሌሊት የፋኖስ ብርሃን ስባት ወደ ቤት የምትገባ አንዲት ታላቅ የእሳት እራት አለች። በአፍሪካ በሰፊው፣ በኢትዮጵያም ትገኛለች። በጀርባዋ ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት ይታያል፤ ሲነኳትም እንደ አይጥ ትጮኻለች።

በአውሮፓ ሕዝቡ የሞት ምልክት ናት እያለ ብዙ ዘመን ይፈራት ነበር። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. አትሮፖስ ብሎ ሰየማት፤ ይህም በግሪኮች ተረት የሰውን የሕይወት ክር የምትቈርጠው ሴት ስም ነው። እንግዲህ ስሟ ፍርሃቱን ጠበቀ እንጂ ጠባይዋን አልገለጠም።

ፍጥረትን በእውነት ለማወቅ የሚሻ ሰው ምልክቶቹን ሁሉ ይመርምር እንጂ በአንዱ ብቻ አይፍረድ። መጀመሪያ ቀንዷን ይመልከት፤ የቢራቢሮ ቀንድ ጫፉ ያበጠ ነው፤ የዚህች ግን አጭርና ወፍራም ሆኖ ጫፉ እብጠት የለውም። ሁለተኛ ክንፏን ይመልከት፤ የፊተኛው እንደ ዛፍ ልጥ ጠቈር ያለ ነው፤ ከሥሩ የተሸሸገው የኋለኛው ክንፍና ሆዷ ግን ጥቍር መስመር ያለበት ብጫ ነው። ክንፏ ሲዘረጋ እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሦስተኛ በአጠገቡ ያለውን ተክል ይመልከት፤ ትሏ የድንች፣ የቲማቲምና የአስተናግር ቅጠል ትበላለችና። ትሏም በጅራቷ ላይ ቀንድ አላት፤ ካደገች በኋላ አፈር ውስጥ ገብታ ትለወጣለች።

የራስ ቅሉ ምልክት ቀለማቸው ከተለያየ ጥቃቅን ጠጕር የተገኘ ነው። ጩኸቷም ሟርት አይደለም፤ አየር በአፏ ስባ ስታስወጣ የሚሰማ ድምፅ ነው። አትናከስም፤ መርዝም የላትም።

እውነተኛው ጕዳቷ በማር ላይ ነው። ሽታዋ የንብን ሽታ ስለሚመስል በሌሊት ቀፎ ትገባለች፤ በአጭርና በጠንካራ አፏም የማር እንጀራውን ክዳን ወግታ ትጠጣለች። ስለዚህ ባለ ንብ የሆነ ሰው የቀፎውን በር ለንብ ብቻ እንዲበቃ አድርጎ ቢያጠብበው መልካም ነው።

ተማሪ እንዲህ ያለችውን ይዞ ሲመጣ መምህሩ አያስገድላት፤ በብርጭቆ ከድኖ ያሳይ፤ ልጆቹም ምልክቶቿን አንድ በአንድ ይጻፉ፤ ሲመሽም ትለቀቅ። ሽማግሌዎችም ልጆች ስለ እርሷ በጠየቋቸው ጊዜ ፍርሃት ያወራውን ትተው ዓይን ያየውን ይንገሯቸው። ሞትን የፈራ ቤተሰብ ማሩን ሳይጠብቅ ያድራልና።