በጨዋታ ላይ ጅብ የሚሆነው ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የክርክር ማኅበር ስም የተደረገ ንግግር)

ክቡር ዲሬክተር፣ ክቡራን መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ድረስ መጥታችሁ እኛን የቡራዩን ተማሪዎች ያስደሰታችሁን እንግዶች፣ ውድ ጓደኞቼ፤

የማኅበራችን ጸሐፊ ዛሬ እንድናገር ሲያዘኝ «ርእሱ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ጨዋታ» ብሎኝ ሄደ። በአማርኛችን ግን ጨዋታ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በሜዳ ላይ የሚሮጡበት ነው፤ ሁለተኛው ቡና እስኪፈላ ተቀምጠው የሚያወጉት ነው። ኳስ የመታውም «ተጫወተ» ይባላል፤ ወሬ ያወራውም «ተጫወተ» ይባላል። ስለዚህ እኔም ሁለቱን ሳልለያይ፣ ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል እንደሚባለው፣ ያገኘሁትን እያነሣሁ አጫውታችኋለሁ። ጨዋታው የትም ቢዞር ግን ከአንድ ጥያቄ አይርቅም፤ እርሱም በጨዋታ ላይ ክፉውን የሚሆነው ማን ነው የሚለው ነው።

ለታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ተረት ስትነግሩ ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ፣ ሕፃን ልጅ ስለ በጓ እምብዛም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ ጅቡ ነው። «ከዚያስ ጅቡ ምን አለ?» ይላል። ይባስ ብሎም በተረታችን ጅቡ የሚጠራው በክብር ነው፤ «አያ ጅቦ» እንለዋለን። «አያ» ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ቃል ነው። የሚበላንን አውሬ ታላቅ ወንድም ብለን መጥራታችን የሚገርም ነው፤ ደግነቱ በተረቱ መጨረሻ አያ ጅቦ ሁልጊዜ ይሞኛል።

ጅብን ካነሣን ዘንድ አንድ እንግዳ ነገር ልንገራችሁ። በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ጠጉር በማጉያ መነጽር መረመሩ። ይህንም ያደረጉት ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ ነው። ያገኙትም እንዲህ ነው፤ ሰዉ ሲጾም እርድ ይቀራል፤ እርድ ሲቀር በየደጁ የሚጣለው አጥንትና ቆዳ ይጠፋል፤ በዚህን ጊዜ ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል። በጾሙ ወራት የተገኘው የአህያ ጠጉር ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ፋሲካ ሲያልፍ መልሶ ቀነሰ። እንግዲህ የእኛን ጾም አህያ በነፍሷ ትከፍለዋለች ማለት ነው። (ይህን ለአያቴ ብነግራቸው «አህያም ብትሆን ጾሙን ትወቀው» ብለው ሳቁ።) ከዚህ የምንረዳው ጅብ ክፉ ሳይሆን የሰውን ኑሮ ተከትሎ የሚኖር ጎረቤት መሆኑን ነው። ሐረሮችማ ይህን ቀድመው ስላወቁ በግንባቸው ሥር የጅብ መግቢያ ትተውለታል፤ በእጃቸውም ያጎርሱታል።

አሁን ወደ ሜዳው እንውጣ። ገና ሁለት ሳምንት ስለ ቀረው በገና ጨዋታ ልጀምር። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ነው፤ የሚመታውም ጥንግ ወይም እሩር የሚባለው ነው፤ በኦሮምኛ ጨዋታውን ቂሌ ይሉታል። አባቶቻችን እንደሚነግሩን፣ እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ፤ ከዚያ ወዲህ በልደት በዓል ይጫወቱታል። ለእንግዳ ሰው የሚያስደንቀው ግን ሕጉ፣ ይልቁንም የሕጉ ማነስ ነው። በአንድ ወገን ስንት ሰው ይሰለፋል ቢባል፣ የመጣው ሁሉ ነው። ስንት ሰዓት ይቆያል ቢባል፣ እስኪመሽ ነው። የሜዳውም ወሰን አንዳንድ ጊዜ የመንደሩ ዳርና ዳር ነው። ከሁሉ የበለጠው እንግዳ ነገር ግን ይህ ነው፤ በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን በጨዋታ ቢገፋው፣ ቢያላግጥበትም፣ ጌታ አይቆጣም። ዓመቱን ሙሉ ከላይ የነበረው ለአንድ ቀን ከታች ይሆናል። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሆኖም ሁለቱም ያችን ቀን አይረሷትም ብዬ አምናለሁ።

የሱሉልታ እንግዶቻችን «ስለ ፈረስ ሳታነሣ ልታልፍ ነውን?» ብለው ሳይቆጡኝ ወደ ጉግስ ልሂድ። በጉግስ አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው ወገን ዘንጉን ይዞ በፈረስ ያሳድዳል። የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ የሚወረወረውን ዘንግ ይመክታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲያሳድድ የነበረው ሸሺ ይሆናል፤ ሲሸሽ የነበረውም አሳዳጅ ይሆናል። እንግዲህ በጉግስ ላይ ጠላት የሚባለው ማን ነው? ጀርባውን እስኪያዞር ድረስ አሳዳጁ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንተ ራስህ ነህ።

በነገራችን ላይ፣ የድሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የዛሬ ወጣት በስልኩ ላይ ሲጫወት የራሱን ስም ደብቆ በሌላ የሚያስፈራ ስም ይገባል። ወላጆች ይህን ሲያዩ «ልጃችን ስሙን ለወጠ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ የፈረስ ስም አወጣ ማለት ነው። ፈረሱ ብቻ ነው የጎደለው። ፈረሱስ ቢኖር በየት ይጋልባል? በሦስቱም ከተሞቻችን ሜዳው በየዓመቱ አጥር ሆኗል፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ንግግር ነው።

ሰበታ የሄደ ሰው በዚያ ያለውን ስመ ጥሩ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ስለዚህ የሰበታ እንግዶቻችን የሚቀጥለውን ጨዋታ ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይረዱታል። ስሙ ጎልቦል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1946 የኦስትሪያው ሃንስ ሎሬንሰንና የጀርመኑ ሴፕ ራይንድለ በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ያወጡት ነው። በአንድ ወገን ሦስት ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሷ 1.25 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ በውስጧም ቃጭል አለ። ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ሲሆን ጎሉ የሜዳውን ወርድ ሙሉ ይይዛል። ተጫዋቹ በድምፅዋ እየተመራ መሬት ላይ ተጋድሞ በሰውነቱ ይመልሳታል። የሜዳው መስመር እንኳ ሥሩ ገመድ ስላለበት በእጅ ይዳሰሳል። ጥቂት የሚያይም ቢሆን፣ ጨርሶ የማያይም ቢሆን፣ ሁሉም ዓይኑን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል ይሆናል። ተመልካቹም ትንፋሹን ውጦ ዝም ማለት አለበት፤ ጎል እስኪገባ ድረስ ማጨብጨብ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 የቶሮንቶ ፓራሊምፒክ ጀምሮ በዓለም ውድድር ገብቷል። በእኛ አዳራሽ ቢደረግ ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚቸገረው የኋላ ወንበር ተመልካች ይመስለኛል።

ዝም ማለት ለማይችል ሰው የሚስማማው የጥንቱ ሰንጠረዣችን ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በቤተ መንግሥት ይታወቅ ነበር። ዛሬ በትምህርት ቤት ከምንማረው ቼዝ የሚለየው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ መጀመሪያው ወረራ ይባላል። ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፈለጉ፣ እንደ ፈጠኑም፣ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ብቻ በተራ ይሆናል። በዙሪያውም የተቀመጠው ሰው እየገባ ይመክራል፣ ይቀልዳል፣ ያበሽቃል። ይህ ጨዋታ የሚለው ቃላችን ሁለቱ ትርጓሜዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ የተገናኙበት ነው።

አሁን ወላጆች ትዕግሥት ይስጡኝ፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ልገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ቶሩ ኢዋታኒ የሚባል ጃፓናዊ ከናምኮ ኩባንያ ባልደረቦቹ ጋር ፓክ ማን የሚባል ጨዋታ አወጣ። አንድ ቢጫ ክብ ነገር በጠባብ መተላለፊያ እየዞረ ነጠብጣብ ይለቅማል፤ አራት መናፍስትም ያሳድዱታል። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው አራቱም በዘፈቀደ የሚሮጡ ይመስሉታል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ጠባይ ተሰጥቶታል። ቀዩ በቀጥታ ይከተልሃል። ሐምራዊው ወደ አለህበት ሳይሆን ወደምትሄድበት ቀድሞ ሊጠብቅህ ይሞክራል። ሰማያዊው ቀዩ ያለበትን ቦታ እያመዛዘነ ይመጣል። ብርቱካናማው ግን ወደ አንተ ይመጣና ሲቀርብህ ወደ ጥጉ ይመለሳል፤ ፈሪ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ያንን ትልቁን ነጠብጣብ ስትውጥ አራቱም ቀለማቸው ተለውጦ ይሸሻሉ፤ አንተም አሳዳጅ ትሆናለህ። ለእኔ ይህ ከጉግስ የተለየ አይደለም።

በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ኩኩሉ የሚል የስልክ ጨዋታ አውጥቷል። በዚህ ጨዋታ ጀግናዋ ዶሮ ናት፤ ክፉው ሊያርዳት የሚያሳድዳት ሰው ነው። እስቲ አስቡት፤ ተጫዋቹ ልጅ ዶሮዋን አድኖ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ለበዓል ዶሮ ወጡን ሊበላ ይቀርባል። ማን እንደ ጅብ፣ ማን እንደ በግ እንደሚቆጠር የሚወሰነው ከየትኛው ወገን ሆነው እንዳዩት ነው።

እስካሁን ያነሣኋቸው ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ክፉነቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በአባሮሽ የነካኸው ልጅ በተራው ያዥ ይሆናል፤ አንተ ነፃ ትወጣለህ። በድብብቆሽም የተገኘው ዓይኑን ይጨፍናል። ማንም ጅብ ሆኖ አያድርም።

አሁን ግን ከጨዋታ ውጭ ስለ ሆነው ጅብ ልናገር። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው፣ ሲባል ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ ጉትቻ እንደ ታየ እስከ መመስከር ደርሷል። ጉትቻ በራሱ አይንጠለጠልም፤ የሰው እጅ ይፈልጋል። ነገር ግን ይህን የጠየቀ ጥቂት ነው። ማረሻችንን የሠራልንን ሰው፣ ጀበናችንን የሠራችልንን ሴት፣ ጅብ አልናቸው፤ ማረሻውንና ጀበናውን ግን አልመለስንም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን ከለከሉ፤ እንዲህ ያለ ተሳዳቢ እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል ሲሉም አስታወቁ። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን በየግቢው ገና ይሰማል።

በአንደኛ ደረጃ ሳለሁ በአንድ ትምህርት ቤት አብሮን የሚማር የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረ። አባሮሽ ሲጀመር ያዡ ሁልጊዜ እርሱ ነበር። እጣ አይወጣም፤ «አንተ ጅብ ሁን» ይባላል። ከሁላችን ይልቅ ፈጣን ስለ ነበረ ቶሎ ይነካል፤ የተነካው ልጅ ግን «አልተነካሁም» ይላል፤ ሌሎቹም ይመሰክሩለታል። ስለዚህ ደወል እስኪደወል ድረስ ጅብ ሆኖ ይውላል። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት በእረፍት ጊዜ ከክፍል መውጣት ተወ። መምህራችን «ለምን አትጫወትም?» ቢሉት «ሰለቸኝ» አለ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረም። በዚያ ዓመት መጨረሻ ቤተሰቡ ሰፈር ለቀቀ። ሌላው ልጅ ሁሉ ያን ጨዋታ ረስቶት ይሆናል፤ እርሱ የረሳው ግን አይመስለኝም።

ስለዚህ የክርክር ማኅበራችን ለስፖርት ክፍሉ አንድ ሐሳብ አቅርቧል፤ ዲሬክተራችንም ፈቅደዋል። ከዛሬ ጀምሮ በእረፍት ሰዓት በሚደረግ ማናቸውም ማሳደድ ያለበት ጨዋታ ላይ ያዡ በእጣ ይወጣል፤ የተነካና ያልተነካ የሚያከራክር ከሆነም የሚታመነው የነካው ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማንንም ያልያዘ እንደ ሆነ ፊሽካ ይነፋና ሌላ ይተካዋል። ፊሽካውን የሚይዙት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ምክንያቱም እነርሱ በትልልቆቹ ላይ ለመንፋት እንደማይሳሱ አይተናል።

ከሻይ በኋላ መምህራን ከተማሪዎች ጋር ገና ይጫወታሉ። ከሰበታና ከሱሉልታ የመጣችሁ እንግዶች በየትኛውም ወገን መሰለፍ ትችላላችሁ። ወላጆችም እንዲሁ፤ ጫማ ማውለቅ ግን ግድ ነው። ዱላ ያላመጣችሁ ከዘበኛችን ከአባባ ዘንድ ታገኛላችሁ፤ ሃያ ሁለት ቆርጠው አዘጋጅተዋል። የሒሳብ መምህራችን እጣው ለእርሳቸው እንዳይወጣ ከወዲሁ ሲለምኑ ሰምቻለሁ። እጣው ያለው በእኔ ኮፍያ ውስጥ ነው።