«የራስሽ አለቃ ነሽ» ሲሉን
(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ እኔ ንግግር አላውቅም፣ ትምህርቴም አስረኛ ክፍል ነው። ግን የደረሰብኝን ብነግራችሁ አንዷን ያድን ይሆናል ብዬ ነው የቆምኩት።

እዚህ ቤሩት ከማዳም ቤት ወጥቼ በሰዓት መሥራት ስጀምር አንድ የጽዳት ቢሮ አገኘሁ። «ተቀጣሪ አይደለሽም፣ የራስሽ አለቃ ነሽ» አሉኝ። በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ፤ ማንበብ ሳልችል ፈረምኩ።

እስቲ አለቅነቴን ስሙት። ቤቱን የሚመርጡት እነሱ። ሰዓቱን የሚቆርጡት እነሱ። ደንበኛው በሰዓት 6 ዶላር ይከፍላቸዋል፣ ለኔ 4 ይሰጡኛል። ካረፈድኩ ይቀንሳሉ። ሌላ ቦታ እንዳልሠራም ከለከሉኝ። አንድ ቀን መስኮት ስወለውል ከመሰላል ወድቄ እጄ ተሰበረ። ስደውል «የራስሽ ሥራ ነው፣ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ትርፉ የጋራ፣ ስብራቱ የኔ ብቻ! ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። የቤት ኪራዬን የከፈላችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

በኋላ ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ሲያስረዱኝ ነገሩ ገባኝ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁጥር 198 ምክረ ሐሳብ አለ። ሰው ተቀጣሪ መሆኑ የሚታወቀው ወረቀቱ በሚለው ሳይሆን ሥራው በተግባር በሚሠራበት መንገድ ነው ይላል። ማን ያዝዛል? ሰዓቱን ማን ይወስናል? ምክረ ሐሳብ አገርን አያስገድድም፣ ግን መከራከሪያ ይሆናል። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግም በ7ኛው አንቀጽ የሚያስወጣው በሰው ቤት የተቀጠረችውን ነው። ድርጅት የሚያሠራት ግን «እኔ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ» ብላ መከራከር ትችላለች።

ፍርሃታችንን አውቃለሁ። ኢቃማችን በከፊላችን ስም ነው፤ ከሱ ውጭ ስንሠራ ከተያዝን መታሰርም መባረርም አለ። ቢሮዎቹም ይህን አውቀው ነው የሚደፍሩን። ስለዚህ ለመክሰስ ብቻችሁን አትሩጡ፣ መጀመሪያ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

እስከዚያው የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። የዋትሳፕ መልእክት አታጥፉ። ወረቀት ሲሰጧችሁ ፎቶ አንሱና አስነብቡ እንጂ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ።

የኔ ጉዳይ ገና አላለቀም። ግን «ነገ በ2 ሰዓት ካልደረስሽ የቀኑን አንከፍልሽም» ያሉበት ድምፅ ስልኬ ላይ አለ። ለመሆኑ አለቃን እንዲህ ብሎ የሚያዘው ማነው?