መጠርጠርና መጠራጠር፦ አንድ የአውሮፕላን አደጋ በሳይንስ፣ በሕግና በፖለቲካ ሚዛን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የሥራ አመራር ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ ሳይንሳዊ ጥርጣሬ በሕዝብ ጉዳዮች ላይ ያለውን ቦታ እንዳብራራ የሚጠይቅ ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ርእስ ደግሞ ተናጋሪውን ወደ ፈላስፎች ስም ዝርዝር ይገፋዋል። እኔ መሐንዲስ እንጂ ፈላስፋ ስላይደለሁ፣ ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው በአንድ ጉዳይ ላይ አሳርፌ ለመመርመር መርጫለሁ። ጉዳዩም መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲያመራ፣ 6 ደቂቃ ያህል ብቻ በአየር ላይ ቆይቶ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ነው። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በአማርኛችን «ጠረጠረ» እና «ተጠራጠረ» ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቢሆኑም ፍሬያቸው ይለያያል። የሚጠረጥር ሰው ጥፋተኛውን በልቡ አስቀድሞ አግኝቷል፤ የሚቀረው ማስረጃ መልቀም ብቻ ነው። የሚጠራጠር ሰው ግን ገና አልቆረጠም፤ የሌላውን ቃል እንደሚመዝን ሁሉ የራሱንም ግምት በዚያው ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረታችን የሚያወድሰው የመጀመሪያውን ነው። ለገበያ መንገደኛ መልካም ምክር መሆኑን አልክድም። ለመርማሪ፣ ለዳኛና ለመሐንዲስ ግን የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ ዛሬ ጥርጣሬ ስል የምናገረውም ስለ እርሱ ነው።

በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ሌባን የማወቂያ ዘዴ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁ በስካር ሲባዝን ወገቡ በገመድ ተይዞ ይከተሉታል፤ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ዕዳውንም ይከፍላል። ይህን ልማድ ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ስሕተቱ በትክክል የት ላይ እንዳለ መናገር ግን ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። መድኃኒቱ ወይም ልጁ አይደለም ዋናው ችግር። ችግሩ ዘዴው ምንጊዜም መልስ የሚሰጥ መሆኑ ነው። የደከመ ልጅ የሆነ ቦታ መተኛቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሌባ ይገኛል፤ «አላወቅሁም» የሚል ውጤት በዘዴው ውስጥ ቦታ የለውም። እኛ በሥራ ቦታችን የኮንክሪት ኩብ ሞልተን በ28ኛው ቀን ስንጨፈልቀው ፈተናውን ፈተና የሚያሰኘው ኩቡ ሊወድቅ መቻሉ ነው። (ለላቦራቶሪ የሚላከውን ኩብ ከምሰሶው ኮንክሪት ይልቅ አሳምሮ የሚያስሞላ ሥራ ተቋራጭ ሌባሻይን በዘመናዊ መልክ ማደሱ ነው፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ንግግር ይሁን።)

አሁን ወደ አውሮፕላኑ እንመለስ። ቦይንግ 737 ማክስ የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከበረራ 302 አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር ንብረት የሆነ ተመሳሳይ አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች ሞተዋል። ከሁለቱም አደጋዎች በኋላ በብዙ አፍ የተነገረው ማብራሪያ አንድ ነበር፤ የአብራሪ ስሕተት። በአሜሪካ ምክር ቤት በግንቦት 2011 ዓ.ም. በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ በአሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ሁኔታውን ይወጣው ነበር ያሉ አባል ነበሩ።

የአብራሪ ስሕተት የሚለው ማብራሪያ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። የምለው ከሌባሻይ ጋር የሚጋራው ባሕርይ አለ ነው፤ ሁልጊዜ ይገኛል። አውሮፕላን ሲወድቅ አብራሪው ሊያደርገው ይችል የነበረ፣ ያላደረገው አንድ ነገር አይታጣም። ስለዚህ ጥያቄው «አብራሪዎቹ ተሳስተዋልን?» መሆኑ ቀርቶ «በእነርሱ ቦታ ሌላ አብራሪ ቢቀመጥ ውጤቱ ምን ያህል ይለወጥ ነበር?» መሆን ይገባዋል። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከወሬ የተሻለ መረጃ ነበረ። ላየን ኤር ከመውደቁ በፊት በነበረው ቀን ያው አውሮፕላን ያው እክል ገጥሞት ነበር፤ በዚያ በረራ ከሥራ ውጭ የነበረ ሦስተኛ አብራሪ በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና በእርሱ ርዳታ ጭምር ተርፈዋል። በሁለቱ አደጋዎች ምርመራ የተገለጹት የዚህ እክል አጋጣሚዎች 3 ናቸው፤ የተረፈው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ተጨማሪ ጭንቅላት የነበረው። የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ከኩባንያው ሰነዶች አንድ ነገር ይፋ ሆኗል። የኩባንያው የራሱ የሙከራ አብራሪ እ.ኤ.አ. በ2012 በምስለ በረራ ላይ እክሉ ሲቀርብለት ለመመለስ ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበታል፤ ሁኔታውንም አጥፊ ሲል ገልጾታል። የደኅንነት ስሌቱ የቆመው ግን አብራሪ በ4 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳል በሚለው ግምት ላይ ነበር።

እክሉ ምን ነበር? ኤምካስ የሚባል ሥርዐት በአውሮፕላኑ ውስጥ ነበረ። ሞተሮቹ ከቀድሞዎቹ የገዘፉና ወደ ፊት የወጡ ስለሆኑ፣ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ሲል ሥርዐቱ የጅራቱን አግድም ክንፍ በራሱ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች ይመልሳል። በመጀመሪያው ንድፍ ክንፉን በአንድ ጊዜ ማዞር የሚችለው እስከ 0.6 ዲግሪ ነበር፤ በኋላ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ሲፈለግ ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ተደረገ። የሚመጣው ነፋስ ከክንፉ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች በአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ነበሩ፤ ሥርዐቱ ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ከቦሌ ከተነሣ ጥቂት ሰከንዶች በኋላ የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ያሳይ ነበር። ሁለቱን የሚያስተያይ ማንኛውም ተማሪ አንዱ እንደሚዋሽ ያውቅ ነበር፤ የሚያስተያይ ግን አልተመደበም። በጉባኤያችን ፊት ለመናገር ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ሰውን መፍረድ ከጥንት ጀምሮ የተነቀፈ ነው፤ ማሽን ግን በአንድ ምስክር እንዲፈርድ ፈቀድንለት።

እዚህ ላይ የሳይንስ ጉዳይ ወደ ፖለቲካ ይሻገራል፤ እኔም ረዘም አድርጌ ልቆይበት የምፈልገው በዚህ ነው። አደጋው የደረሰው እሑድ ነው። አየር መንገዳችን የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖቹን አቆመ፤ ቻይና ሰኞ መጋቢት 2 ቀን አገደች፤ ሌሎች ብዙ አገሮች ተከተሉ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ግን ማክሰኞ መጋቢት 3 ቀን ባወጣው መግለጫ፣ ያደረገው ግምገማ አውሮፕላኑን ለማገድ መሠረት የሚሆን ነገር እንዳላሳየ አስታወቀ። ረቡዕ መጋቢት 4 ቀን ከሳተላይት የተገኘ የበረራ መረጃና ከስብርባሪው የተገኘ ማስረጃ ሁለቱን አደጋዎች ያመሳስላል ተብሎ አሜሪካም አገደች።

የማክሰኞው መግለጫ የሳይንስ ጥንቃቄ ልብስ ለብሷል። ማስረጃ ሳይኖር አልወስንም ማለት የጥርጣሬ ቋንቋ ነውና ብዙ ሰው ተቀብሎታል። ነገር ግን ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት፤ የማስረዳት ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ነው? በወንጀል ችሎት ሸክሙ የከሳሽ ነው፤ ዳኛው ከተጠራጠረ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል፤ ይህም ንጹሕ ሰው ከሚታሰር ወንጀለኛ ቢያመልጥ ይሻላል ብለን አስቀድመን ስለወሰንን ነው። በምሕንድስና ግን ሸክሙ የሚገለበጥ ነው። ድልድዩ አይወድቅም የሚለው ወገን ያስረዳ እንጂ፣ ይወድቃል ብሎ የሚፈራ መንገደኛ እንዲያስረዳ አይጠየቅም። አውሮፕላን የዜጋ መብት የለውም። በዚያ ማክሰኞ ቀን የተደረገው፣ ለሰው የተሰጠውን የጥርጣሬ ጥቅም አንሥቶ ለብረት መስጠት ነበር።

ነገሩን የሚያከብደው መሥሪያ ቤቱ በእጁ ስሌት የነበረው መሆኑ ነው። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም. የተዘጋጀ የውስጥ ግምገማ፣ ማስተካከያ ካልተደረገ በዚህ ዐይነት አውሮፕላን የአገልግሎት ዘመን ሁሉ 15 ያህል ከባድ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። ሰነዱን ሕዝብ ያየው ታኅሣሥ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ነው። ስሌቱን ያወጡትን ሰዎች አልነቅፍም፤ ስሌት ማውጣታቸው ደግ ነው። ማስተካከያው እስኪደርስ ለአብራሪዎች የተላለፈው መመሪያ ይበቃል ብለው አምነው ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው አደጋ በደረሰ ጊዜ ያ እምነት በተግባር ተፈትኖ ወድቋል፤ የወደቀን ግምት በማግሥቱ ሥራ ላይ ማቆየት ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ ቻይና አስቀድማ ስላገደች ብቻ በሳይንስ ተመርታለች ማለት የለብንም። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ጋር የንግድ ጠብ ላይ ነበረች። ውሳኔ ትክክል ሆኖ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የሰኞው ውሳኔ ትክክለኛነት የሚመዘነው በወሳኙ ልብ ሳይሆን ሰኞ ዕለት በታወቁት ነገሮች ነው። እነርሱም በቂ ነበሩ፤ አዲስ አውሮፕላን፣ በአምስት ወር ውስጥ ሁለት አደጋ፣ ሁለቱም ከመነሣት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ። የምክር ቤቱን ኮሚቴ ሪፖርትም ያዘጋጁት ፖለቲከኞች ናቸው። እኔ የምቀበለው አዘጋጆቹን አምኜ ሳይሆን ሰነዶቹን ከነቃላቸው አብረው ስላወጡ፣ የማይቀበል ሰው ራሱ አንብቦ ሊሞግት ስለሚችል ነው።

ሕጉን በተመለከተ አጠር አደርጋለሁ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስከፍል ስምምነት አደረገ። የኩባንያው የቀድሞ ዋና ቴክኒካዊ አብራሪ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2022 ነጻ ወጣ፤ የኩባንያው የወንጀል ጉዳይም ብዙ ከተጓተተ በኋላ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በዳኛ ፈቃድ ተዘጋ። በፍትሐ ብሔሩ በኩል ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ለበረራ 302 ኀላፊነቱን ተቀብሏል፤ ቤተ ሰቦቹም በበኩላቸው የቅጣት ካሣ ላለመጠየቅ ተስማምተዋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም እንደ ምሕንድስና ማስረጃ መጥቀስ አይገባም። ስምምነት የሁለት ወገኖች ስሌት ውጤት ነው፤ የነጻ መውጣት ፍርድም ዐቃቤ ሕግ አላስረዳም ማለት እንጂ አውሮፕላኑ ደኅና ነበር ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት የጠየቀው የራሱን ጥያቄ ነው፤ የመለሰውም እርሱኑ ነው። በጋዜጦቻችን ላይ ግን የኅዳሩ ስምምነት እንደ ቤተ ሙከራ ውጤት ሲጠቀስ፣ የ2022ቱ ፍርድ ደግሞ እንደ ክሕደት ሲነቀፍ አንብበናል። የሚስማማንን ፍርድ ሳይንስ፣ የማይስማማንን ፖለቲካ ማለት ከሆነ መጠርጠር እንጂ መጠራጠር አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንንም ቅር የሚያሰኝ አይመስለኝም። የሚቀጥለው ግን ሊያሰኝ ይችላል። የእኛ አገር የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አወጣ። የኤምካስን ጥፋት በተመለከተ የአሜሪካው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ተስማምቷል። በሁለት ነገሮች ግን እርሱም የፈረንሳዩም መርማሪ ቢሮ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አውጥተዋል። አንደኛው የአብራሪዎቹ ተግባር በበቂ አልተመረመረም የሚል ነው። መዝጋቢው መሣሪያ እንደሚያሳየው የሞተሮቹ ኀይል ከመነሻው ደረጃ አልተቀነሰም፤ ፍጥነቱም ከተፈቀደው 340 ኖት አልፏል። አብራሪዎቹ በመመሪያው መሠረት የኤሌክትሪኩን መቈጣጠሪያ ከዘጉ በኋላ መንኰራኩሩን በእጅ ለማዞር ሞክረው ያቃታቸው በዚያ ፍጥነት በክንፉ ላይ ባረፈው የአየር ጫና ነው። ማስጠንቀቂያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጮኽ ፍጥነት መዘንጋቱ ምንን ያስተምራል? ጥያቄው ሟቾችን መክሰስ አይደለም፤ የሚቀጥለውን አብራሪ ለማሠልጠን የሚያስፈልግ ነው። ስለ እነርሱ ክብር ብለን ብንተወው ትምህርቱ ለማን ይደርሳል?

ሁለተኛው የግራው መለኪያ ስለ ተበላሸበት ምክንያት ነው። የእኛ ሪፖርት ምክንያቱን ከፋብሪካ ከመጣ የኤሌክትሪክ ጉድለት ጋር ያያይዘዋል፤ የአሜሪካው ቦርድ ደግሞ ምናልባት ወፍ መትቶት የመለኪያው ምላስ ተገንጥሎ ይሆናል ይላል። ሁለቱም የሚያብራሩት አንድ መረጃ አለ። መለኪያው ሐሰት ባሳየባቸው በዚያው ሰከንዶች ውስጥ የመለኪያው ማሞቂያ መቋረጡ ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ግምት ማሞቂያው አስቀድሞ ተበላሽቶ መለኪያውን አሳሳተ ይላል፤ ሁለተኛው ምላሱ ሲገነጠል ሁለቱም አብረው ጠፉ ይላል። የጊዜው ቅደም ተከተል፣ በ74.5 ዲግሪ ላይ መርጋቱ፣ ከዚያም በፊት በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ምላስ ሲገነጠል የተመዘገበው መልክ ሁሉ ሊነጻጸር የሚችል ነው። አገራችን ስለጻፈችው ብለን የመጀመሪያውን፣ አሜሪካ ስለጻፈችው ብለን ሁለተኛውን መምረጥ እኩል ስሕተት ነው። በነገራችን ላይ ወፍም ይሁን ሽቦ፣ ሥርዐቱ ሁለተኛውን መለኪያ ቢያዳምጥ ኖሮ አውሮፕላኑ ናይሮቢ በደረሰ ነበር፤ ስለዚህ የወፉን ግምት መመርመር ለኩባንያው ጥብቅና መቆም ነው ብሎ የሚፈራ ሰው አይፍራ።

በመካከላችን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ብዙ ናችሁ። ሪፖርቱም ተቃውሞዎቹም ለማንም ክፍት ናቸው። ማኅበሩ ጥቂት ባለሙያዎችን መድቦ የማሞቂያውንና የመለኪያውን መዝገብ ከሁለቱም ግምቶች ጋር ቢያስተያይ፣ ሥራውንም ከመጀመራቸው በፊት የትኛው ውጤት የትኛውን ግምት እንደሚያፈርስ በጽሑፍ ቢያስቀምጡ፣ ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ከእኔ ንግግር የተሻለ ጽሑፍ ይገኛል። ሐሳቡን ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቅርቤአለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።