የአምቡላንሱ የውስጥ መብራት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ትልቅ ፍልስፍና አይደለም። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ ወደ ጫግኒ በወረድሁ ጊዜ፣ የውስጥ መብራቱን ስንጠግን ስለ ሰነበትነው አንድ አሮጌ የጦር ሠራዊት አምቡላንስ ነው። መኪናው የዶጅ ሥራ የሆነው ኤም 43 ነው፤ ይኸውም ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ በዘመተበት ጊዜ ገደማ ለአሜሪካ ሠራዊት የወጣ ዓይነት ነው። በሆዱ አራት ቃሬዛ ይይዛል።

«አሮጌ ብረት ማደስ ምን ይረባል?» የሚለኝ አይጠፋም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የስዊድንን የቀይ መስቀል አምቡላንስ በቦምብ ደበደቡ። እንግዲህ አምቡላንስ የሚለው ቃል በአገራችን ደም የተከፈለበት ቃል ነው። ልጆች ገብተው የሚያዩት አንድ እንኳ ቢተርፍ መልካም ነው፤ ገብተው የሚያዩት ግን መብራቱ ሲበራ ነው።

የሥራው መጀመሪያ ካቻቢቴ ማንሣት አይደለም። አስቀድሞ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በወረቀት ይሣላል፤ በየጫፉም ቁጥር ይታሰራል። ቀጥሎ የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ መጀመሪያ የሚፈታው ከመኪናው አካል ጋራ የተያያዘው ኔጋቲቭ ነው። ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ ብረት ቢነካበት እሳት ይረጫል።

የመኪናው ኃይል 24 ቮልት ነው፤ 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ተከታትለው ይታሰሩበታል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ የተራ መኪና አምፖል ከገበያ ገዝቼ ብሰካ ብልጭ ብሎ ተቃጠለ። ከጣሪያው መብራቶች አንዱ ደግሞ ይፈዝ ነበር። ኤሌትሪኩ የሚመለሰው በመኪናው አካል ስለ ሆነ፣ የጫግኒ ዝናብ ያመጣው ዝገት ከመብራቱ እግር ሥር ገብቶ መንገዱን ዘግቶት ኖሯል። በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ ደምቆ በራ።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ሌላ ነው። አንድ ጠጋኝ ቀደም ሲል ያስገባው ፊውዝ በተቀየረ ቁጥር ይቃጠል ነበር። እኔም ቸኩዬ በፊውዙ ፈንታ ቁራጭ ሽቦ አሰርሁ። መብራቱ በራ፤ ደስም አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን ከጣሪያው ጢስ ወጣ። ሥራውን የሚያስተምረኝ ባለሙያ ሮጦ ባትሪውን ፈታና እንዲህ አለኝ፦

«አንተ ልጅ፤ ፊውዙ ሲቃጠል እየነገረህ ነበር። አንተ ግን አፉን ዘጋህበት።»

ጣሪያውን ስንከፍት ሽቦው በብረቱ ቀዳዳ የሚያልፍበት የጎማ ቀለበት ደርቆ ወድቋል፤ የሽቦው ልባስ ተልጦ ብረት ይነካል። በትንሽ ጎማ የሚድነውን መኪና ላቃጥለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሽቦውን በሙሉ በዚያው ውፍረት በአዲስ ተካን፤ በየቀዳዳው ጎማ አደረግን፤ ፊውዙንም በልኩ መለስን። የመብራቶቹን ቤትና ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ግን አልጣልንም፤ አጥበን እዚያው መለስናቸው። አዲስ መሆን ያለበት አደጋ የሚያመጣው ነው፤ ታሪክ የሚናገረው እንደ ነበረ ይቆይ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ የመኪና ነገር ብቻ አይደለም። በመኝታ ቤታችን ቆጣሪ ላይ በፊውዝ ፈንታ ሽቦ ያሰረ ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ዛሬ ማታ ሄዶ ይፍታው፤ ፊውዙ ለምን እንደ ተቃጠለም ይጠይቅ። አለመጠየቅ ምን እንደሚያመጣ እኔ በጢሱ አይቼዋለሁ።